ማሽኑ ሠርቷል፤ ጥፋቱም ከዚያ ነው

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ማሽኑ ሠርቷል። ገርጂ ውስጥ ስለ እኔ ምንም ብትሰሙ፣ ደረጃውን ፏፏቴ አደረገችው ቢሏችሁ፣ የሰው ሠርግ ልታበላሽ ነበር ቢሏችሁ፣ ይህችን ይዛችሁ ስሙ። አልተቃጠለም፣ አልጨሰም፣ አንዲት ሽቦ እንኳ አልተፈታችም። እንዲያውም መዘዙ ሁሉ የመጣው ማሽኑ እንደታዘዘው በመሥራቱ ነው። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በብሎካችን የተከበርኩ ሴት ነበርኩ።

የምኖረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ የተሰፋ ሸሚዝ እያገላበጡ ጉድለት መፈለግ ነው። ቁልፉ የላላ፣ ኮሌታው የተጣመመ፣ ክሩ ያፈተለከ ከእጄ አያመልጥም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት ስፈልግ ስለምውል የራሴን የማይበት ዓይን አይተርፈኝም። ይህንን ግን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ናት። ቀኗ ሐሙስ ነው፤ ደስ ካላት ደግሞ ሳትጠራ ብቅ የምትልበት ጊዜ አለ። ስትመጣ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ወዳለው ታችኛው ታንከር ትገባለች። ከዚያ ሞተር ገፍቷት ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ትወጣለች፤ ከጣሪያው ወደየቤታችን ትወርዳለች። የጣሪያውን ታንከር ስሙን “ላም አለኝ በሰማይ” ብለነዋል፤ ወተቷን የምናየው አልፎ አልፎ ስለሆነ ነው።

ቧንቧችን ሲደርቅ አንዘጋውም። ክፍቱን ትተን ከሥሩ ባልዲ እንደቅናለን፤ ውሃ ስትመጣ የባልዲው ድምፅ ይጠራናል። በፈረቃ ያደገ ሰው ይህንን ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጆሮው የተሠራው ለባልዲ ነው። ከቤት ስንወጣ ደግሞ ቁልፋችንን ጎረቤት ዘንድ እንተዋለን። የእኔ ቁልፍ ያለው አራተኛ ፎቅ፣ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ነው። እትዬ ዘሀራ የወሎ ሴት ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ቤታቸው ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሞተሩን የሚያስነሱት ዘበኛችን ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ጋሼ መኩሪያ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አውቶቡስ ተራ፣ “የደሴ፣ የደሴ” እያሉ ተሳፋሪ ሲጠሩ ስለሆነ ድምፃቸው ማጉያ አይፈልግም። ሐሙስ ሐሙስ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው መሰላሉን ይወጡና ታችኛውን ታንከር ያዩታል። ሞልቶ ከሆነ ወርደው ግቢው መሃል ይቆሙና “ውሃ መጣች፣ ውሃ!” ይላሉ፤ ድምፃቸው ብሎኩን ዞሮ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን የሚያስነሱ ይመስላችኋል። የለም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ወደ ላይ አንጋጠው፣ ዝም ብለው ይቆማሉ። አንዳንዴ ስልካቸውን አውጥተው ይደውላሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው ቀስ ብለው ሄደው ማብሪያውን የሚጫኑት።

ይህ መቆም አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ውሃ መጥታ፣ ሞተር ተቀምጦ፣ እሳቸው ሰማይ ያያሉ፣ ስልክ ያወራሉ። ነገሩ እርጅና ነው ብዬ ፈርጄ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ፋብሪካችን ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት ማሽን የቆመው። መካኒኩ ሲሳይ ሆዱን ከፍቶ ሲጎረጉር እኔም ሸሚዜን ትቼ አንገቴን አስገባሁ። አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ፣ ከምስር ብዙም የማትበልጥ፣ አራት እግር ያላት ጥቁር ነገር አየሁ።

“ይቺ ምንድን ናት?” አልኩት።

“ኦፕቶካፕለር ትባላለች። ማሽኑን ዛሬ ያተረፈችው እሷ ናት።”

“በምን?”

“አየሽ፣ በዚህ በኩል አእምሮው አለ። ማይክሮኮንትሮለር ይባላል፤ ሥራው ማዘዝ ነው፤ ጉልበት የለውም፣ በትንሽ ነገር ይቃጠላል። በዚያ በኩል ጉልበተኞቹ አሉ። መጀመሪያ ሪሌው፤ ሪሌ ማለት በጣት ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚጫኑት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ከእሱ ወዲያ ሞተሩ አለ፣ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። ሁለቱ ወገኖች ከተነካኩ አእምሮው አለቀለት። ስለዚህ ይቺ መሃል ትቆማለች። በአንድ ጎኗ ትንሽ መብራት አለች፤ በሌላው ጎኗ መብራቷን የምታይ ዓይን። መሃላቸው ግድግዳ ነው። አእምሮው መብራቷን ያበራል፣ ዓይኗ ታያለች፣ ለሪሌው ትነግራለች። ሽቦ ከሽቦ አይነካካም።”

“ሽማግሌ ናት በለኛ፤ ሁለት ቤተሰብ ሳይገናኝ መልእክት የምታደርስ።”

ሲሳይ ትንሽ አሰበና “እንደሱም ይባላል” አለኝ።

ያን ቀን ከቦሌ ለሚ እስከ ገርጂ ሰርቪስ ውስጥ ቆሜ መጣሁ። ወንበር ሞልቶ ነበር፤ መቀመጥ ረስቼ ነው። በብርሃን የሚነጋገር ሽማግሌ! በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደስታ ያገኘኝ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ያገባው ሌላ ሴት ነው።

በዚያው ሳምንት የብሎካችን ኮሚቴ ተሰበሰበ። ጉዳዩ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሠርግ ነው። ኒካሁ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው፤ ከወሎ ዘመድ ይመጣል፤ ዓርብና ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ይታረዳል፣ ይቀቀላል፣ ይታጠባል። ይህ ሁሉ በሐሙሱ ውሃ የሚሠራ ነው። ጋሼ መኩሪያ ግን ሐሙስ የጉልበታቸው የሐኪም ቀጠሮ አላቸው፤ የሚያድሩትም ልጃቸው ቤት ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ በየነ፣ እሑድ እሑድ ከቸርች ሲመለሱ ሁላችንንም በየተራ የሚባርኩ ሰው፣ “ምን ችግር አለው፣ እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እጫነዋለሁ” አሉ።

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። የሰለጠነ ሰው “እግዜር ይስጥልን” ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ።

“ማንም ፈቃድ መውሰድ የለበትም። ሞተሩ ራሱ ይነሣል፣ ራሱ ይጠፋል። እኔ እሠራዋለሁ” አልኩ።

ስለ አእምሮው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሽማግሌዋ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁ። በየታንከሩ ተንሳፋፊ ኳስ ይገባል፤ ላይኛው ባዶ ሆኖ ታችኛው ውሃ ካለው ሞተሩ ይሠራል፤ ላይኛው ሲሞላ ወይም ታችኛው ሲያልቅ ይቆማል። ምን ይቀራል?

እትዬ ዘሀራ “አላህ ያግዝሽ ልጄ፣ የልጄን ሠርግ ባንቺ ጥዬዋለሁ” አሉኝ። ጋሼ መኩሪያ ጥግ ላይ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

“ማሽኑ አፍ አለው?” አሉ።

“ምን አሉኝ ጋሼ?”

“አፍ አለው ወይ ነው የምልሽ።”

“አያስፈልገውም ጋሼ። ዝም ብሎ የሚሠራ ነው።”

“እሺ” አሉና የሞተሩን ክፍል ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቅር ያላቸው ማሽን ሊቀድማቸው ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አዘንኩላቸውም። አስቡት፣ እኔ ለእሳቸው አዘንኩላቸው።

ዕቃውን ከመገናኛ ገዛሁ፤ በልብስ መተኮሻዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ በጠረጴዛ መብራት ሞከርኩት። አእምሮው አዘዘ፣ ሽማግሌዋ አየች፣ ሪሌው “ቀጭ” አለ፣ መብራቱ በራ። ያቺን “ቀጭ” ብታውቋት! ሳጠፋም “ቀጭ”፣ ሳበራም “ቀጭ”። አርባ ጊዜ ያህል አስጮኽኳት፤ በረንዳዬ ላይ ያረፉት ርግቦች ተማረው ሄዱ።

እሑድ ከሞተሩ ጋር ሲሞከር ግን ሌላ ሆነ። “ሁለት መቶ ሃያውን እኔ ሳልመጣ እንዳትነኪ” ብሎኝ ስለነበር ሲሳይ መጥቶ አገናኘልኝ። ሞተሩ ገና ከመነሣቱ አእምሮው ድንግጥ ብሎ ጠፋ፤ ተመልሶ በራ፤ አሁንም ጠፋ። ሪሌው ጥርሱ እንደሚንቀጫቀጭ ሰው ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሲሳይ አጥፍቶት ሽቦዎቹን በጣቱ ተከተለ፤ መጨረሻቸው ላይ አንዲት የስልክ ቻርጀር አገኘ።

“ሁለቱንም ወገን የምታበያቸው ከአንድ ቻርጀር ነው?”

“ሌላ ለምን ይባክናል ብዬ ነው።”

“ሽማግሌ ልከሽ ስታበቂ ሙሽራውን ሴቷ ቤት አስገብተሽ ደባል አደረግሽው” አለኝ። “ግድግዳው ምን ይሠራል ታዲያ?”

ለየብቻ ቻርጀር ሰጠናቸው። ጥርስ ማንቀጫቀጩ ቀረ። ቀጥሎ ደግሞ ሪሌው አብራ ሲባል የሚያጠፋ፣ አጥፋ ሲባል የሚያበራ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያለ ሰው መሥሪያ ቤታችንም አለ። ትእዛዙን ገለበጥኩለትና ተግባባን። ታችኛው ታንከር ውስጥ በቀረችው ውሃ ሞከርነው፤ ኳሱን በእጄ ከፍ ዝቅ ሳደርገው ሞተሩ ይነሣል፣ ይተኛል። ሲሳይን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱም ይህ ሳይገባው አልቀረም፤ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ስሄድ ጋሼ መኩሪያ በር ላይ አልነበሩም። እኔ ግን ልቤ ሞልቷል። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እያፏጨሁ ሸሚዝ አገላበጥኩ። አንድ ኪስ የሌለው ሸሚዝ አሳልፌያለሁ መሰለኝ፤ የገዛው ሰው ይቅር ይበለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሰርቪስ ወርጄ ወደ ግቢው ስገባ፣ የመጀመሪያው ምልክት አንድ ቢጫ ነጠላ ጫማ ነበር። ባለቤት የለውም፤ በውሃ ተንሳፍፎ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ቀና ስል ደረጃው ይፈስሳል። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ በየደረጃው እየዘለለ፣ እየተንኳለለ። ለአንድ አፍታ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። “ሠርቷል” አልኩ ለራሴ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

አቶ በየነ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ መጥረጊያ ይዘው ከደረጃው ሥር ቆመዋል።

“እህቴ” አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ማሽንሽ ሠርቷል።”

የሆነው ይህ ነው። ውሃ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ማሽኑ አየ፣ አዘዘ፣ ሽማግሌዋ አደረሰች፣ ሞተሩ ተነሣ። ብሎኩ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ግማሹ ሰው ሥራ ነው፣ ሌላው ግማሽ ለሠርጉ ዕቃ ሊሸምት ከእትዬ ዘሀራ ጋር መርካቶ ወርዷል። በየቤቱ ደግሞ ቧንቧው ክፍት፣ ባልዲው ከሥሩ ተደቅኖ። ባልዲው ሞላ፣ ፈሰሰ፤ ምንጣፉ ጠጣ፣ ጠገበ፣ በበሩ ሥር ወደ ውጭ ላከ። ላይኛው ታንከር በአንድ በኩል ሲገባበት በሌላው ሲወጣበት ስለዋለ ሊሞላ አልቻለም። ማሽኑም “ገና አልሞላም” እያለ የታችኛውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገፋው። ከዚያ ባዶ መሆኑን አየና፣ እንዳስተማርኩት፣ በጨዋ ደንብ “ቀጭ” ብሎ አጠፋ። የውሃዋ ፈረቃም አልቆ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያቺኛዋ መቼም እህል ሳይሆን አይቀርም ያፈሰሰችው፤ ውሃ የሚለቀም ቢሆን ኖሮ ተንበርክኬ እለቅመው ነበር።

እትዬ ዘሀራ ከመርካቶ የተመለሱት እኔ ደረጃ ስጠርግ ነው። ፌስታላቸውን እንደያዙ ደረጃውን አዩ፣ ታንከሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ቢሰድቡኝ ምን አለበት ብዬ ተመኘሁ።

“ላይኛውም የለ?” አሉኝ።

“የለም እትዬ።”

“ታችኛውም?”

“የለም።”

ፌስታሉን አስቀምጠው አንገቴን በእጃቸው ነካ አደረጉ። “አብሽሪ ልጄ። ከአላህ የመጣ ነው” አሉ። ከአላህ አልነበረም፤ ከእኔ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በዚያ ሁሉ ውሃ መሃል ማንም አላስተዋለም።

የውሃ ቦቴ ለማስመጣት ተደዋወልን፤ ወረፋው ከሠርጉ በኋላ የሚደርስ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲ ውስጥ የተረፈችውን እያመጣ እትዬ ዘሀራ በርሜል ውስጥ ገለበጠ፤ ዓርብን የተሻገርነው በእሷ ነው። ለቅዳሜ ግን የሚሆን አልነበረም።

ዓርብ ጋሼ መኩሪያ ጉልበታቸውን በፋሻ አሳስረው መጡ። ሳያዩኝ ማለፍ አልቻልኩም፤ ጥበቃ ቤቱ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ ድል ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

“ጮኼ የምቆመው ለምን ይመስልሻል?” አሉኝ።

“እንዲያው... ዕረፍት መስሎኝ ነበር።”

“ቧንቧ እስኪዘጋ ነው እንጂ። ቤት ያለው ይዘጋል፤ የሌለውን ቁልፍ የያዘው ጎረቤት ገብቶ ይዘጋለታል፤ ጎረቤቱም ከሌለ እደውላለሁ። አንድ አንድ እያልኩ እቆጥራለሁ። ሁሉም ሲዘጋ ነው የምጫነው። ለዚህ ነው አፍ አለው ወይ ያልኩሽ።”

  ጋሼ መኩሪያ ቀጠሉ።

“ማሽንሽን አትጣይው። እኔን የሚገድለኝ መሰላሉ ነው። ሐኪሙም አትውጣ ብሎኛል። ታንከሩ መሙላቱን ቁጭ ባልኩበት የሚነግረኝ ነገር ካለሽ፣ የቀረውን እኔ አውቅበታለሁ።”

ብድግ አልኩ። ከሐሙስ ጀምሮ ሞቶ የነበረው ደስታዬ እግሬ ሥር እንደገና ተነሣ። ማሽኑን ከሞተሩ ፈታሁት፤ ሲሳይ ከፋብሪካ ሲወጣ መጥቶ የሪሌውን ጫፍ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከጋሼ መኩሪያ ወንበር ፊት ለፊት ከተሰቀለች አንዲት ቀይ አምፖል ጋር አገናኘልን። ታችኛው ታንከር ሲሞላ አምፖሏ ትበራለች። አለቀ፤ ሌላ ምንም አታደርግም። የሞተሩን ክፍል ቁልፍም በሁለት እጄ መለስኩላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የወሎ ዘመዶች ግቢው ውስጥ በባዶ ድስቶች መሃል ተቀምጠዋል። እትዬ ዘሀራ ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ክዳን ያነሣሉ፤ በየበርሜሉ ሥር የቀረችውን በኩባያ ነበር የሚሰፍሯት። እኔ ጥበቃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አምፖል አያለሁ። ቀኗ አይደለም፤ ግን ሳትጠራ የምትመጣ ናት እያልኩ እለምናታለሁ። ሁለት ሰዓት ገደማ የታችኛው ታንከር ቧንቧ ሳል ቢጤ አሰማ። አየር ተፋ። ከዚያ መፍሰስ ጀመረ።  ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን “ቀጭ” የሚል ሰማሁ፤ አምፖሏም ቀይ ሆና በራች።

“በራች፣ ጋሼ በራች!” ብዬ ዘለልኩ። እሳቸው ከእኔ በፊት አይተዋታል፤ ዱላቸውን ይዘው ግቢው መሃል ደርሰዋል።

“ውሃ መጣች፣ ውሃ! ቧንቧ ዝጉ!”

ድምፃቸው ብሎኩን ዞረ። በየፎቁ እግር ሲሮጥ ይሰማል። “ዘግተናል ጋሼ” ከሁለተኛ ፎቅ። “የጎረቤቴንም ዘግቻለሁ” አቶ በየነ ከአንደኛ። “ዘግቻለሁ” እትዬ ዘሀራ፣ ከአራተኛው መስኮት። ጋሼ መኩሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንጋጠው ቆሙ። ቆሙ። አሁንም ቆሙ።

“ጋሼ፣ ሁሉም እኮ ዘጋ። ይጫኑት እንጂ” አልኳቸው፤ እግሬ መሬት አልይዝ ብሎኝ።

ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

“ያንቺስ?”

ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አንደኛው ፎቅ ላይ አቶ በየነን ገፋሁ፤ ሁለተኛው ላይ አንድ ድስት ዘለልኩ፤ በሩን ስከፍት ቧንቧዬ አፉን ከፍቶ፣ ባልዲው ከሥሩ ተደቅኖ ይጠብቀኛል። ዘጋሁት። እንዳልሳሳት ከፍቼ እንደገና ዘጋሁት። ከዚያ በመስኮት ብቅ ብዬ ትንፋሼ እየተቆራረጠ “ዘግቻለሁ ጋሼ” አልኩ።

ጋሼ መኩሪያ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ወደ ሞተሩ ክፍል ሄዱ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ከግድግዳዬ ጀርባ ውሃዋ ቧንቧውን ይዛ ወደ ጣሪያ ስትወጣ ሰማኋት። ከአናቴ በላይ የእትዬ ዘሀራ እልልታ ወረደ። ሠርጉ ገና በማግሥቱ ነበር።